ኮብሉ ከተነጠፈ በኋላ የሚቆፈረው ቦይ፦ ከጅማ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ሄርማታ አካባቢ ትንሽ ሻይ ቤት አለኝ። በጥር ወር ከደጄ ፊት ኮብልስቶን ተነጠፈ፤ ሰፈሩ ሁሉ ደስ አለው። በግንቦት የውኃ መስመር ይቀበራል ተብሎ ያው መንገድ መሃል ለመሃል ተቆፈረ። ቧንቧው ከገባ በኋላ አፈሩን መለሱበት፣ ድንጋዩንም እንደ ነገሩ ደረደሩበት። አሁን ሐምሌ ላይ ባጃጅ የሚቀረቀርበት ጉድጓድ ሆኗል፤ ደንበኞቼ በእንጨት ላይ ተሻግረው ነው የሚገቡት። ሁልጊዜ ዝናብ ሲጀምር የሚቆፈረው ለምንድን ነው? የተደፈነውስ ለምን ይሰምጣል? እኛ ነዋሪዎችስ ምን ማድረግ እንችላለን?»

ጤና ይስጥልኝ፣ እህቴ። ጥያቄዎን ሳነብ ያ እንጨት ታየኝ። በሰኔና በሐምሌ በጅማ ደጃፎች የሚጋደመውን እንጨት የማያውቅ የለም። እኔ ደግሞ ብዙ ዓመት በከተማ መንገድና በውኃ መስመር ሥራ ላይ የኖርኩ መሐንዲስ ስለሆንኩ ከእንጨቱ ሥር ያለውን አፈርም አውቀዋለሁ። ከሦስቱ ጥያቄዎችዎ መካከለኛውን አስቀድማለሁ፤ እሱ ከተብራራ ሌሎቹ ይቀላሉ።

አፈር ሲቆፈር ይላላል። ለዘመናት ተጠቅጥቆ የኖረው መሬት በአካፋ ሲወጣ በቅንጣቶቹ መካከል አየር ይገባል። ከቦይ የወጣው አፈር ተመልሶ ሲገባ ክምር ሆኖ የሚተርፈው በዚህ ምክንያት ነው። ቆፋሪዎቹ ያን ክምር አይተው «ሞልቷል፣ እንዲያውም ተርፏል» ይላሉ፤ የተረፈው ግን አብዛኛው አየር ነው። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ቦይ ሳይጠቀጠቅ ከተሞላ ከጥልቀቱ 10 በመቶና ከዚያም በላይ ሊወርድ ይችላል። ያ 10 ሳንቲ ሜትር ዛሬ እርስዎ ደጅ ላይ ውኃ ያቆረው ጉድጓድ ነው።

ትክክለኛው አሠራር አፈሩን ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ንብርብር እያስገቡ እያንዳንዱን ንብርብር በማሽን መጠቅጠቅ ነው። ተሽከርካሪ የሚያልፍበት ሙሌት በቤተ ሙከራ ከተገኘው ከፍተኛ ጥግግት ቢያንስ 95 በመቶ እንዲደርስ በሥራ ውሎች ውስጥ ይጠየቃል። እንግዲህ የአንድ ሜትር ቦይ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ይሞላል፣ አምስት ወይም ስድስት ጊዜም ይጠቀጠቃል። እርስዎ ደጅ ላይ ማሽኑ ስንት ጊዜ አለፈ? ብዙ ጊዜ የማየው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ሁሉም አፈር ከገባ በኋላ ከላይ ሲደረግ ነው። ከላይ የሚጠቀጥቅ ትንሽ ማሽን ጉልበቱ ወደ ታች ከ20 ወይም ከ30 ሳንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። ላዩ እንደ ወለል ይጠነክራል፤ ከሥሩ ያለው እንዳለ ይቀራል።

የማሽኑ ጉልበት ብቻውን ደግሞ አይበቃም። አፈር በደንብ የሚጠቀጠቀው ልክ የሆነ እርጥበት ሲኖረው ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ አዛውንት ፎርማን ያሳዩኝን ዘዴ እስከ ዛሬ እጠቀምበታለሁ። ከሚሞላው አፈር አንድ እፍኝ አንስቶ በጡጫ አጥብቆ መጭመቅ፣ ከዚያ መዳፍን መክፈት። አፈሩ ድቡልቡል ሆኖ ከቆየና በሁለት ጣት ሲጫኑት ለሁለት ከተሰነጠቀ እርጥበቱ ልክ ነው። ተበትኖ ከፈሰሰ ደርቋል፣ ውኃ ይርከፈከፍበት። መዳፍ ላይ ጭቃ ለቅልቆ ውኃው ካብለጨለጨ ግን ያን አፈር የትኛውም ማሽን አያጠብቀውም። በተጠቀጠቀ ቁጥር እንደ ሊጥ ከአንድ ወገን ይሰምጣል፣ ከሌላው ወገን ያብጣል። በሰኔ ጅማ ውስጥ ከቦይ ዳር የተከመረ አፈር ምን ዓይነት እንደሚሆን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

በዚህ ላይ የከተማው አፈር ራሱ ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። ወደ ጅሬን ሽቅብ ሲወጡ የሚያገኙት ቀይ አፈር ነው፤ ውኃ ያሳልፋል፣ ሲጠቀጠቅም ይታዘዛል። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን ከዚያ ኮረብታ ላይ ነው ያሠሩት፤ ገበያው ግን ከታች ሄርማታ ነበር። ዛሬ የምናውቀው ከተማም በአብዛኛው የሰፋው ገበያውን ተከትሎ፣ የአዌቱ ወንዝ በሚያቋርጠው ሜዳ ላይ ነው። በዚህ ሜዳ በብዙ ቦታ ያለው ዋልካ ነው። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚታይበት መሬት በክረምት እንደ ሙጫ ጫማ ይይዛል። እንዲህ ያለ አፈር ከቦይ ወጥቶ ተመልሶ ከመንገድ በታች መግባት የለበትም። ወደ ሌላ ቦታ ተወስዶ በምትኩ ገረጋንቲ መምጣት አለበት። ቁፋሮው ላይ ገንዘብ የሚጠይቀው ይህ ነው፤ ጨረታ ላይ ዋጋ ለማሳነስ መጀመሪያ የሚቀነሰውም ይኸው ነው።

«ዝናቡ ያስቀምጠዋል» የሚል አባባል በሥራ ቦታ ሁሉ ይሰማል። ክረምቱ በነጻ ይጠቀጥቅልናል ማለት ነው። ንጹሕ አሸዋ ውኃ ሲገባበት እርግጥ ነው ይረጋል። ዋልካ ግን ውኃ ሲጠጣ ይለሰልሳል እንጂ አይረጋም። እስኪደርቅ ቢጠበቅም በራሱ ክብደት የወረደው አፈር ከላዩ ቡና የጫነ አይሱዙ ሲያልፍበት እንደገና ይወርዳል። ይህን አባባል ከማንም አፍ ሲሰሙ አይቀበሉት።

ብዙ ባለሙያም የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። በደንብ ያልተጠቀጠቀ ቦይ ከመሬት በታች ወንዝ ይሆናል። በተለይ ከጊንጆ በኩል እንደሚወርዱት ባሉ ተዳፋት መንገዶች ላይ የዝናብ ውኃ ወደ ላላው ሙሌት ሰርጎ ቧንቧውን ተከትሎ ቁልቁል ይሄዳል። ሲሄድ ደቃቁን አፈርና አሸዋ ይዞ ይሄዳል። ከላይ ምንም ሳይታይ ከውስጥ ባዶ ይሆናል፤ አንድ ቀን መንገዱ ይደረመሳል። መከላከያው ውድ አይደለም፤ በተዳፋቱ ላይ በየተወሰነ ርቀት ቦዩን በሸክላ አፈር ወይም በደካማ ኮንክሪት አቋርጦ መድፈን ነው። በንድፍ ላይ ካልተሳለ ግን ማንም አይሠራውም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ ልመለስ፤ ለምን ዝናብ ሲጀምር? ሰዎች ይህን የአንድ መሥሪያ ቤት ስንፍና አድርገው ያዩታል። ስንፍና የለም አልልም፤ ዋናው ምክንያት ግን የሁለት ቀን መቁጠሪያዎች አለመገናኘት ነው።

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። የጅማ ዝናብ ደግሞ እንደ ብዙው ደጋ ሰኔን አይጠብቅም። በመጋቢት ይጀምራል፣ ከግንቦት እስከ መስከረም ይበረታል፣ ጥቅምትም ላይ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። በዓመት የሚዘንበው 1500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። መሬት ለመቆፈርና ለመጠቅጠቅ በእርግጥ የሚያመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ብቻ ነው፤ 120 ቀን። አሁን የበጀቱን ጉዞ ያስቡ። በሐምሌ ይጸድቃል፤ ለየዘርፉ ይከፋፈላል፤ ንድፍ ይከለሳል፤ ጨረታ ይወጣል፣ ይከፈታል፣ ቅሬታ ይቀርብበታል፤ ውል ይፈረማል፤ ቅድሚያ ክፍያ ይለቀቃል፤ ቧንቧው ይገዛል። ሁሉም ነገር ሳይደናቀፍ ቢሄድ እንኳ ኤክስካቫተሩ ደጅዎ የሚደርሰው የካቲት ወይም መጋቢት ነው። አንድ ነገር ከዘገየ ግንቦት ይሆናል። ግንቦት ላይ ደግሞ «ዝናብ ነው፣ እስከ ኅዳር እንቆይ» የሚል ኃላፊ በጀቱ ሳይሠራበት ሰኔ 30 ይደርስበታል። ስለዚህ ይቆፈራል።

በእነዚያ 120 ቀናት ውስጥም ጅማ የራሷ ችግር አለባት። ኅዳርና ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ነው። የቀን ሠራተኛው ወደ ገጠር ይወጣል፣ የቀረውም የቀን ዋጋው ይጨምራል፣ መኪናው ሁሉ ቡና ይጭናል። ድንጋይ ለመጥረብና ለማንጠፍ የሰለጠኑት ወጣቶች ሳይቀሩ ለሁለት ወር ይጠፋሉ። ይህን ሳይቆጥር የተዘጋጀ የሥራ መርሐ ግብር ጅማን ከማያውቅ ሰው እጅ የወጣ ነው፤ እንዲህ ያለ መርሐ ግብር ከአንድ ጊዜ በላይ ገጥሞኛል።

የእኔንም ድርሻ ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት የአንድ መስመር ቁጥጥር ላይ ነበርኩ። ሰኔ ተጋምሷል፣ ሊጠናቀቅ የቀረው 200 ሜትር ያህል ቦይ ነው። ጠዋት ስንደርስ ቦዩ ግማሹን ውኃ ሞልቶት ነበር። ውኃው በፓምፕ ወጣ፣ ቧንቧው ገባ፤ ከሰዓት በኋላ ግን ደመናው እንደገና ሲጠቁር ኤክስካቫተሩ በአንድ ጊዜ የተከመረውን ጭቃ ጠርጎ መለሰው። አፈሩን በጡጫዬ ጨመቅኩት፤ ውኃው በጣቶቼ መካከል ወረደ። ሥራው እንዲቆም ጻፍኩ። በማግስቱ ቢሮ ተጠርቼ የበጀት መዝጊያው እንደደረሰ ተነገረኝና ክፍያው እንዲሄድ ፈረምኩ። በነሐሴ አንድ የጭነት መኪና የኋላ ጎማው እዚያው ሰመጠ፤ ቧንቧውም ተሰበረ፤ ሰፈሩ ውኃ ሳያገኝ ሰነበተ። ያ ፊርማ አሁንም ይከብደኛል። ዛሬ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ ረጅም መልስ የምጽፈው በእሱ ምክንያት ነው።

ታዲያ ክረምት ምን ይሠራበት? ብዙ ነገር ይሠራበታል፤ መሬት ሳይቆፈር። የኮብል ድንጋይ በመጠለያ ሥር ይጠረባል። የቦይ ክዳን፣ የጠርዝ ድንጋይ፣ የማንሆል ቀለበት በግቢ ውስጥ ይመረታል። ንድፍ ይሠራል፣ ጨረታው በነሐሴ ይወጣል። ከሁሉ በላይ ግን መሐንዲሱ ቦት ጫማ አድርጎ ዶፍ ሲወርድ መንገድ ለመንገድ ይሂድ። ውኃው ከየት እንደሚመጣ፣ የትኛው ማጠፊያ ላይ እንደሚቆም፣ የትኛው ቱቦ እንደሚታፈን በአንድ ዝናባማ ከሰዓት የሚገኘው መረጃ በበጋ በአንድ ወር አይገኝም። በጀቱ ከአንድ ዓመት በላይ የሚዘልቅ ፕሮጀክት ሆኖ ከተያዘ ደግሞ በሐምሌ የተጀመረው ዝግጅት ኅዳር ላይ ቁፋሮ ይሆናል፤ ማንም ሰኔ 30ን አይሮጥለትም።

ኮብሉ ከቧንቧው የቀደመበት ምክንያት ደግሞ መንገድ የሚሠራው፣ ውኃ የሚያስገባው፣ መብራትና ስልክ የሚዘረጋው እያንዳንዱ የራሱ ዕቅድና የራሱ በጀት ያለው መሆኑ ነው። ሥርዓቱ ግን ግልጽ ነው፤ ጥልቁ ይቀድማል። መጀመሪያ የጎርፍ መውረጃና የፍሳሽ መስመር፣ ቀጥሎ የውኃ ቧንቧ፣ ቀጥሎ የመብራትና የስልክ ኬብል፣ ከዚያ የጠርዝ ድንጋይ፣ ከዚያ መንገዱ፣ በመጨረሻ የእግረኛው ንጣፍ። ወደፊት ለሚመጣ መስመር ደግሞ መንገዱ ከመነጠፉ በፊት በየመስቀለኛው ባዶ ቧንቧ አጋድሞ ጫፍና ጫፉን በምልክት መተው ነው። ዋጋው ከአንድ ቁፋሮና ጥገና ጋር አይወዳደርም። በኮሪደር ልማት በተሠሩ ጎዳናዎች ላይ ኬብሎችን አስቀድሞ ከመሬት በታች የመቅበር አሠራር መጥቷል፤ ይህ አሠራር ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገዶችም እንዲገባ አጥብቄ እመኛለሁ።

ነዋሪው ምን ያድርግ? ሁለት ነገር ከልብ እለምናለሁ፤ ሁለተኛው በእጃችን ያለ ትልቅ ጉልበት ነው።

የመጀመሪያው እኛንም የሚመለከት ነው። መንገድ ሊነጠፍ መሆኑ ሲሰማ የውኃ ቆጣሪ የሚፈልግ ሰው በዚያው ሳምንት ያመልክት። ካየሁት ቁፋሮ ብዙው ንጣፉ ካለቀ በኋላ አንድ ቤት ቧንቧ ለማስገባት የቆረጠው ነው። ቧንቧውን በጎርፍ ቦይ ውስጥ አጋድሞ ማሳለፍም ይቁም። በቦዩ ውስጥ ቆሻሻ ይይዛል፣ ቦዩን ይዘጋል። ከዚህ የከፋው ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የሚደርሰው ነው። ውኃው ሲቋረጥ ቧንቧው ውስጥ ግፊት ይጠፋል፤ እንዲያውም ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች በዙሪያው ያለውን የቦይ ፍሳሽ ትጠጣለች፤ በማግስቱ ውኃው ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነው። ሰፈርዎ ውስጥ እንዲህ የተዘረጋ ቧንቧ ካለ፣ እስኪነሳ ድረስ ውኃው ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደውን ድፉት፣ የሚጠጣውንም አፍሉት።

ሁለተኛው ርክክብ ነው። የግንባታ ሥራ ሁለት ርክክብ አለው፤ ጊዜያዊና የመጨረሻ። በመካከላቸው ብዙ ጊዜ የአንድ ዓመት የጉድለት ማረሚያ ጊዜ አለ። በዚያ ጊዜ የሰመጠውን፣ የተሰነጠቀውን፣ የፈሰሰውን ሥራ ተቋራጩ በራሱ ወጪ ይጠግናል፤ ለዚህም ከክፍያው ተቀንሶ የተያዘ ገንዘብ አለ። ያ ገንዘብ ከተለቀቀ በኋላ ግን ጥገናው የከተማው ሸክም ይሆናል። እርስዎ ደጅ ያለው ቦይ በግንቦት ከተደፈነ ይህ ክረምት በማረሚያው ጊዜ ውስጥ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ፎቶ ያንሱ፤ ጉድጓዱ ላይ ሜትር ወይም ማስመሪያ አጋድመው፣ የሻይ ቤትዎ በር ከኋላ እንዲታይ አድርገው። ቀኑን ይጻፉ። ከጎረቤቶችዎ ጋር በጋራ ፈርማችሁ ማመልከቻ ለቀበሌውና ለመስመሩ ባለቤት መሥሪያ ቤት አስገቡ፤ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተምና ቁጥር ሳታስመቱ አትመለሱ። በቃል የተነገረ ቅሬታ በርክክብ ዕለት ማንም አያስታውሰውም፤ ቁጥር ያለውን ደብዳቤ ግን የርክክብ ኮሚቴው በቃለ ጉባኤው ሊያልፈው ይከብደዋል።

ቁፋሮ ሲካሄድ ደግሞ ልጆችን ያርቁ። ከ1.5 ሜትር በላይ የጠለቀ ቦይ ግድግዳው በእንጨት ወይም በብረት ካልተደገፈ ውስጡ ሰው መግባት የለበትም። አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ አፈር ወደ ሁለት ቶን ይመዝናል። ከተደረመሰ በአካፋ ለማውጣት ጊዜ አይሰጥም። ይህን ካዩ ከመሐንዲስ ጋር መከራከር አያስፈልግዎትም፤ ሠራተኛው እንዲወጣ ይጩኹ።

አሁን ስለ እርስዎ ደጅ። ሐምሌ ላይ ድንጋዩን እንደገና እንዲነጥፉልዎ አይጠይቁ፤ በዚያ ጭቃ ላይ የተነጠፈው በመስከረም ይሰምጣል። እስከዚያው የሚሆነው ጊዜያዊ ሥራ ነው። ጭቃው በአካፋ ይውጣ፣ ጠጠር የበዛበት ገረጋንቲ ይግባበት፤ ከላይ በኩል የሚመጣውን ጎርፍ ወደ ጎርፍ መውረጃው የሚያዞር ትንሽ መተላለፊያ ይከፈት። አፈር ብቻ አያስደፉበት፤ በሁለት ቀን ሊጥ ይሆናል። ትክክለኛው ጥገና ኅዳር ላይ ነው። ያን ጊዜ ቆሞ የሚያይ ሰው ይኑር። ከሰመጠው ጠርዝ በግራና በቀኝ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ደኅና ከሚመስለው ንጣፍም ጭምር ይነሣ፤ የቦዩ ዳር ራሱ ላልቷልና። ዋልካው ተጠርጎ ጠንካራ መሬት ይገኝ፤ ገረጋንቲው በንብርብር ይጠቅጠቅ። ከእያንዳንዱ ንብርብር በኋላ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ ብረት በእጅ ቢጫኑበት ብዙም መግባት የለበትም፤ ሰተት ብሎ ከገባ ቀጣዩ ንብርብር አይደፋ። ከላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ንጹሕ አሸዋ፣ ከዚያ ድንጋዩ ተጠጋግቶ፣ በመካከሉ አሸዋ ተጠርጎ ይገባና እንደገና ይጠቀጠቃል። ጫፍና ጫፉን የጠርዝ ድንጋይ ካልያዘው ኮብል ወደ ጎን ይሸሻል፤ ይህንንም ይዩ።

ድንጋዮቹን ግን ከአሁኑ ከጭቃው ለቅመው አጥበው በሻይ ቤትዎ ግድግዳ ሥር ይደርድሯቸው፣ ይቁጠሯቸውም። በኅዳር ሲመጡ «ድንጋይ አልቋል» ብለው ቦታውን በሲሚንቶ ሊለጥፉት የሚሞክሩ አሉ፤ የጎደለውን ልክ በቁጥር ሊያሳዩአቸው ይገባል።